ለእማዬ ግማሹን ብቻ አንብቢላት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታውን በዚህ እንለፈው። እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ።

የላክሽልኝን ድምፅ ሦስቴ ሰማሁት። «አሜሪካ ገባሽና ሰው ረሳሽ። የሰርግ ብር እንዳንጠይቅሽ ነው የጠፋሽው» ያልሽውን። መልሱን በድምፅ ልልክልሽ ስንቴ ጀመርኩት መሰለሽ። ገና «እታለሜ» ስል ድምፄ ይከዳኛል። እሱን ሰምተሽ ደግሞ ለእማዬ እንዳታሰሚያት ፈራሁ። ስለዚህ ጻፍኩ። ወረቀቱን የሚያደርስልሽ ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አንድ ትንሽ ካርቶንም ይዟል። ስለ ካርቶኑ በኋላ እነግርሻለሁ።

ብሩን በባንክ ልኬዋለሁ። 400 ዶላር ነው። ቃል የገባሁልሽ 2,000 እንደነበር አልዘነጋሁም። አትቁጠሪው፣ እኔ ቆጥሬዋለሁ።

አሁን እማዬን ጥሪያትና ይቺን አንብቢላት፦

እማዬ፣ ጉንጭሽን ስሜያለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የጠፋሁት፣ ይቅር በዪኝ። ጤናዬ ደህና ነው። የማስታምማቸው አሮጊት ሰላም ይሉሻል። ፎቶሽን ባሳያቸው «ቆንጆ ነሽ በያት» አሉኝ። ብርዱ ገብቷል፣ ግን የጦሳ ተራራችንን ብርድ ያህል አጥንት አይሰብርም። ጋቢሽን ተከናንቤ ነው የምተኛው። ጾሙንም ይዣለሁ። የላክሽው ሽሮ ገና አላለቀም፣ በማንኪያ እየለካሁ ነው የምሠራው። መድኃኒትሽን ደግሞ በሰዓቱ ዋጪ፣ አደራ። ልጅሽ።

እዚህ ላይ አቁሚ። ቡናዋን አፍዪላት። የቀረውን ማታ ብቻሽን አንብቢው።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። የምሠራው ሆም ኬር መሆኑን ታውቂያለሽ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው የአሮጊቷን ግፊት መለካት ነው። የዚያን ቀን የእሳቸው 128 በ76 ሆነ። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ራሴን ከኋላ በኩል ሲወቅረኝ ሰንብቷል፣ ድካም ነው እያልኩ ነበር። ጨርቁን ከእሳቸው ክንድ ስፈታ እንደ ቀልድ በራሴ ጠቀለልኩት። 196 በ112። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ደገምኩት። ባሰበት። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ግፊት ስለካ የራሴን አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም!

አሮጊቷ አምቡላንስ ካልጠራሁ አሉ። አምቡላንስ ውድ ነው ሲባል ሰምቻለሁና «ግድ የለም» ብዬ ልጃቸው እስኪመጡ ጠበቅሁ። ከዚያ በአውቶቡስ ሆስፒታል ሄድኩ። አዎ፣ በአውቶቡስ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን መስኮቱን ይዤ «እመቤቴ፣ እዚህ እንዳትጥዪኝ» እያልኩ ነበር።

እዚህ አገር ድንገተኛ ክፍል ከገባሽ ብር የለሽም ብለው አይመልሱሽም። በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ ሕግ ነው፣ መርምረው ማረጋጋት አለባቸው። እነሱም አረጋጉኝ፣ አሳደሩኝ። ሂሳቡ ግን አልቀረም። ሂሳቡ በፖስታ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አንዱ መጣ፣ ከዚያ የሐኪሙ ለብቻው፣ ከዚያ የላቦራቶሪው። ስደምረው 6,340 ዶላር። ለአዲስ ዓመት ያልደወልኩት ለዚህ ነው። «እንቁጣጣሽ» ልላችሁ ስልኩን አንስቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፖስታ አይቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ለሰርግሽ ካጠራቀምኩት 1,500ውን በደነገጥኩበት ከፈልኩ። ይኸው ነው። አሜሪካ ገብቼ ሰው የረሳሁት እንደዚህ ነው።

ይቅርታ፣ ልነግርሽ እንጂ ልወቅስሽ አልነበረም የጀመርኩት።

«ኢንሹራንስ የለሽም እንዴ?» ትያለሽ። እዚህ ያሉ ሐበሾችም ሁሉም የጠየቁኝ ይሄንኑ ነው። በዲቪ የመጣ አዋቂ ሰው እዚህ ቨርጂኒያ መንግሥት የሚሰጠውን ሜዲኬይድ ለማግኘት ግሪን ካርድ ከያዘ አምስት ዓመት መሙላት አለበት። እኔ ገና ሦስት ዓመቴ ነው። የሚገዛውም ቢሆን መመዝገቢያ ወቅት አለው። ወቅቱ ሲመጣ «ጤነኛ ነኝ፣ በየወሩ ለዚህ ከምከፍል ለእማዬ ልላክ» ብዬ አለፍኩት። ማንም አላስገደደኝም። የራሴ ጥፋት ነው።

ያዳኑኝ የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት ናቸው። ጥቅምት ላይ ከቅዳሴ በኋላ ፊቴን አይተው ያዙኝ። ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የሠፈር ክሊኒክ እያለ ምን አስፈራሽ? ደመወዝሽን አሳይተሽ በአቅምሽ ትከፍያለሽ» አሉ። እኔ አላመንኩም። ርካሽ ነገር አሜሪካ ውስጥ መዘዝ አያጣውም ብዬ። ማክሰኞ ጠዋት እጄን ይዘው ወሰዱኝ፣ ልክ አንቺን አንደኛ ክፍል እንዳስገባሁሽ።

ልብሽ እንዳይከፋ አሠራሩን ልንገርሽ። የመጨረሻ ሁለት የደመወዝ ወረቀትሽን፣ መታወቂያሽንና የምትኖሪበትን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሰንጠረዥ አላቸው፣ ይሄ የፈረንጆቹ 2025 ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ገቢው በዓመት 15,650 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለስሙ ያህል ትንሽ ነገር ነው የሚከፍለው። ከዚያ በላይ እስከ እጥፉ፣ እስከ 31,300 ድረስ፣ በደረጃ ይቀነስለታል። ከዚያ ካለፈ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ለሐኪሟ የከፈልኩት 35 ዶላር ነው። ሠላሳ አምስት! ደረሰኙን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እኚያ እናት ደግሞ የክሊኒኩ ቦርድ አባል ናቸው። በሕጉ ከቦርዱ ከግማሽ በላይ እዚያው የሚታከሙ ሰዎች መሆን አለባቸው። ዕድር በዪው። «የዕድር ሊቀመንበር ሆኜ ያልጨረስኩትን ጭቅጭቅ እዚህ በእንግሊዝኛ እጨርሳለሁ» ይላሉ። ወረፋ ስንጠብቅ ታሪኩን አጫወቱኝ። እንዲህ ያለው የሠፈር ክሊኒክ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1965 ቦስተን ላይ ነው አሉ። ከጀማሪዎቹ አንዱ ጃክ ጋይገር የሚባል ሐኪም ነው። ሰውዬው ተማሪ ሳለ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ፖሌላ የሚባል የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲሠሩ አይቶ ነው ሐሳቡን የወሰደው። ከእኛው አህጉር የመጣ ነገር ነው ስልሽ። በኋላ ሚሲሲፒ ላይ ልጆች በረሃብ ሲመጡበት ማዘዣ ወረቀት ላይ ምግብ ይጽፍላቸው ነበር። ሂሳቡ ከክሊኒኩ ፋርማሲ ይከፈላል። ምነው ሲሉት የረሃብ መድኃኒቱ ምግብ ነው አላቸው። እማዬ ብትሰማ «ይኼ ነው ሐኪም!» ትል ነበር።

የሐኪሟን ክፍል ልንገርሽ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፣ ለበሽታ ግን አልበቃኝም። «ልቤን ያፍነኛል» በእንግሊዝኛ ምንድነው? ዝም ስል ጊዜ ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ተጫነች። አስተርጓሚ ወጣ። ወንድ ነው። ስሙን አልተናገረም፣ ቁጥሩን ነው የተናገረው። አሠራሩ እንደዚያ ነው፣ ቁጥር ብቻ። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ልክ እንደ ዜና አንባቢ በጥራት ይተረጉማል። «ሐኪሟ መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰዱ ነው ወይ ትላለች።» አዎ አልኩ።

ብልቃጤን ስጪኝ አለች። ሆስፒታል ያዘዙልኝ 30 ፍሬ ነበር። ቀኑ ላዩ ላይ ተጽፏል። ትሪው ላይ ገልብጣ በጣቷ ሁለት ሁለት እያደረገች ቆጠረቻቸው። ዘጠኝ። ካለቀ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ይገባል። አንድ ቀን ዋጥ፣ አንድ ቀን ዝለል እያደረግኩ ነዋ! ክኒኑ ቢያልቅብኝ ሌላ ማዘዣ ማን ይጽፍልኛል? ሐኪሟ አልተቆጣችም። ዝም ብላ አየችኝ። እኔ ግን ያኔ ያየሁት የእሷን ፊት አይደለም። እማዬን ነው ያየሁት። ረከቦቱ ላይ ክኒኗን በቢላ ለሁለት ስትሰነጥቅ። ባለፈው በቪዲዮ አይቻታለሁ፣ ካሜራው መዞሩን አላወቀችም።

ማልቀስ ጀመርኩ። ሐኪሟ ሶፍት አቀበለችኝ። ስልኩ ጸጥ አለ። አስተርጓሚው የሚተረጉመው ነገር የለውማ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሽሪ» አለኝ።

አብሽሪ! እታለሜ፣ ይህን ቃል እዚህ ማንም ብሎኝ አያውቅም። «ወሎ ነህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እህቴ፣ ስለ ራሴ መናገር አይፈቀድልኝም» አለ። «ሐኪሟ ምን ተባባላችሁ እያለች ነው፣ ምን ልበላት?» ወዲያው ወደ ዜና አንባቢነቱ ተመለሰ። ለእሷ ምን እንዳላት አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያለ ፍርሃት መለስኩ። የቤተሰብ ሕመም አለ ወይ ሲባል የእማዬን ተናገርኩ። የአባዬንም፣ እንዴት ድንገት እንደወደቀ። ያንን በአማርኛ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ዋሸሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ቀን ደስታ ማጣት፣ ምን ያህል ቀን ተስፋ መቁረጥ እያሉ ይጠይቁሻል። መልሱ ከዜሮ እስከ ሦስት ነው። ናፍቆት ስንት ቁጥር እንደሆነ ስላላወቅኩ ዜሮ ዜሮ አልኩ። በሚቀጥለው አስተካክላለሁ።

አሁን ደህና ነኝ፣ ይሄን እመኚኝ። ትናንት 134 በ84 ነው። ኩላሊቴ ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። መድኃኒቱ በእነሱ በኩል ሲገዛ የወሩ ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም። ደግሞ ስሙን ልንገርሽ? አምሎዲፒን። ባለ 5 ሚሊግራም። እማዬ በቢላ የምትሰነጥቀው ራሱ። አገር ተለየና መድኃኒታችን አንድ ሆነ።

የሆስፒታሉም ዕዳ ገና አላለቀለትም፣ ግን መላ አለው። ክሊኒኩ ውስጥ በወረቀት ጉዳይ የምትረዳ ልጅ አለች። ሆስፒታሉ ለትርፍ የማይሠራ ከሆነ ለአቅመ ደካማ ሂሳብ የሚቀንስበት ደንብ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል አለችኝ። የመጀመሪያው ቢል ከመጣ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል። ደንባቸውን ካሟላሁ የከፈልኩትም ትርፍ ይመለሳል። አንድ ሰው ይሄን ቢነግረኝ ኖሮ! ወረቀቱ ላይ በትንሿ ፊደል ከታች ተጽፎ ነበር። ማመልከቻውን አስገብተናል። ከተመለሰልኝ ያንቺ ነው። ካልተመለሰ ግን ለሰርግሽ ካሁኑ በላይ የለኝም፣ አትጠብቂኝ። ይሄን መጻፍ ምን ያህል እንደከበደኝ እግዜር ነው የሚያውቀው።

አሁን የእማዬን ነገር። ከ400ው ላይ መጀመሪያ የጤና መድኑን አሳድሺ። ከዲኮሩም፣ ከፀጉሩም በፊት። ባለፈው ዓመት «አንድ ዓመት ብንዘለው ምን ይሆናል» ብላችሁ እንደተዋችሁት ከጎረቤት ሰምቻለሁ። እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት፣ የሆነውን አየሽ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት አልቋል፣ ከውጭ ግዙ እንደሚላት አውቃለሁ። ቢሆንም ምርመራውና ሪፈሩ አለ። ከውጭ የሚገዛውን እኔ በየወሩ ለብቻው እልካለሁ። ቢላውን ግን ደብቂባት። ሙሉ ፍሬ፣ በየቀኑ። እምቢ ካለች በእኔ ስም ለምኛት። የእኔን መታመም እንዳትነግሪያት ብቻ። የባሰበት ቀን እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

ካርቶኑን አሁን ክፈቺው። የግፊት መለኪያ ነው። አራት ትንንሽ ባትሪ ገብቶበታል፣ ሲያልቅ እዚያው ሱቅ ይገኛል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ ጠዋት፣ ከቡና በፊት። አቦሉን ጠጥታ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ወንበር ላይ ጀርባዋን አስደግፊያት፣ እግሯ መሬት ይንካ፣ ክንዷ ጠረጴዛው ላይ በልቧ ትክክል ይረፍ። ሹራቡ ላይ አትጠቅልዪው፣ ባዶ ክንዷ ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ። እማዬን አምስት ደቂቃ ዝም ማሰኘት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንደምንም ብለሽ። አንዴ ለኪ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚ። ሁለቱንም ደብተር ላይ ጻፊና ላኪልኝ። እኔም የእኔን እልክልሻለሁ። ጨዉንም ቀንሺባት። «ጨው የሌለው ወጥ ለእስረኛ ነው» ትልሻለች፣ አትስሚያት።

ሰርግሽን ደግሞ ሳስበው ሆዴ ይባባል። አዳራሽ ወይስ ድንኳን እያላችሁ መጨቃጨቃችሁን ሰምቻለሁ። እኔን ከጠየቅሽኝ ድንኳን። ግቢያችን ውስጥ፣ ኮክ ዛፉ ሥር። አዳራሽ ሰዓት ሲሞላ ያስወጣል። ድንኳን ውስጥ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ባለቤት ነው። ለሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን በሬው በራሳቸው ሰው ይታረድ፣ ወጡም በራሳቸው ድስት ይሠራ፣ እንደ ወጋችን። አባዬ ቢኖር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ልጁን አላውቀውም። ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ አፍሮ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ግን እማዬ ዘንድ ቡና ጠጥቶ ሲጨርስ ስኒዎቹን ሰብስቦ ራሱ ጓዳ አስገባ አልሽኝ። ያን ቀን ወደድኩት። ትዝ ይልሻል፣ ልጆች ሆነን የእማዬን ነጠላ አልብሼሽ ሙሽራ ሙሽራ ስንጫወት? ሚዜሽ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። «የእውነቱም ቀን አንቺው ነሽ» ብለሽኝ ነበር። አልደረስኩልሽም። ቲኬቱ ብቻ ቢሆን ተበድሬም እመጣ ነበር። ሥራዬን ግን ለሦስት ሳምንት ጥዬ ከሄድኩ ሌላ ሰው ይገባበታል። ሰበብ አይደለም። ሰበብም ከሆነ ያለኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ምርቃቱ ላይ ስልኩን አንድ ቦታ አቁሚልኝ። ሰው እጅ ላይ አይሁን፣ ይንቀጠቀጣል። እማዬ የምትቀመጥበት አጠገብ፣ ድምፅ በሚገባበት። እዚያ ስድስት ሰዓት ቀን ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ሥራ የምገባው አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ ይበቃኛል። ነጠላዬን ለብሼ እጠብቃችኋለሁ።

እህትሽ

ማሳሰቢያ፦ ካርቶኑ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ሽቶ አለ። እሱ ያንቺ ነው።